የ14 ዓመቱ ወደ ቤት፣ የ16ቱ ወደ እስር፦ እንዲህ ያለ ፍርድ አለ?

ሽንኩርት ከፍኖተ ሰላም
ሕግ ለምታውቁ። አንዱ 14 ሌላው 16 የሆነ ሁለት ልጆች በሌሊት የመስኖ ሞተር ነቅለው ሲሸጡ ተያዙ እንበል። ትንሹ በማግስቱ መንደር ውስጥ ሲዞር ይታያል፣ ትልቁ ይታሰራል። ባለሞተሩ ሽንኩርቱ ደርቆበት ቁጭ ብሏል። ልጅ ሳይቀጣ በምን ይታረማል?

ጠበቃ ዘማርቆስ
መስመሩ 15 ዓመት ላይ ነው ወንድሜ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላው ጨርሶ አይጠየቅም (አንቀጽ 52)። ከ9 እስከ 15 ያለው ይጠየቃል፤ የሚወሰንበት ግን ከ157 እስከ 168 ባሉት አንቀጾች ብቻ ነው፦ ተግሣጽ፣ በቤት ወይም በትምህርት ቤት ተወስኖ መቆየት፣ በታመነ ሰው ቁጥጥር ሥር መማር፣ ከባሰም ጠባይ ማረሚያ ተቋም። ትልቁ በአዋቂው ሕግ ይዳኛል፣ ዳኛው ዕድሜውን አይቶ ሊያቀልለት ይችላል (56)። የሚቆጠረው ወንጀሉ በተፈጸመበት ቀን የነበረው ዕድሜ ነው።

ትንሹም አልተለቀቀም። በ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 172 ፖሊስ ወዲያው ወረዳ ፍርድ ቤት ያቀርበዋል፣ ፍርድ ቤቱ ለወላጁ በዋስ ይሰጠዋል፤ ቀጠሮ አለበት። ችሎቱ ዝግ ስለሆነ ገበያተኛው አያየውም፣ «ሳይቀጣ ቀረ» የሚባለውም ከዚያ ነው።

የልጆች ጉዳይ
ነገሩ የሚበላሸው ዕድሜው ላይ ነው። አገር አቀፉ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደ የገጠር ልጅ ብዙ ጊዜ የልደት ወረቀት የለውም። መርማሪው ቁመቱንና ድምፁን አይቶ «18» ብሎ ከጻፈ መዝገቡ በዚያው ይነጉዳል። ወላጅ በመጀመሪያው ቀን የክርስትና ካርድ፣ የክትባት ካርድና የአንደኛ ክፍል መዝገብ ቅጂ ይዞ ይሂድ። እኔ የክትባቱን አስቀድማለሁ፤ ልጁ ሕፃን ሳለ የተጻፈ ስለሆነ ለችሎት ተብሎ ተሠራ አይባልም። የሆስፒታል ራጅ ግምት ነው የሚሰጠው፤ «ከ14 እስከ 16» ቢል መስመሩ መሃል ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ደግሞ ሕገ መንግሥቱ (አንቀጽ 36) ወጣት አጥፊ ከአዋቂ ተለይቶ ይያዝ ቢልም፣ የተለየ ክፍል የሌለው ጣቢያ ልጁን ከከብት ሌባ ጋር ያሳድረዋል። እዚያ የሚማረው ሞተር ለማን፣ በስንት እንደሚሸጥ ነው።

አባ መላ
ባለሞተሩን ዘለላችሁት እኮ። የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2124 አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባቱን ተጠያቂ ያደርጋል። የሞተሩን ደረሰኝ ይያዝ፣ የደረቀውን መደብ በቀበሌው የግብርና ባለሙያ አስለክቶ ያስመዝግብ፤ ማሳው ከታረሰ በኋላ የሚለካ ነገር የለም። ሽማግሌ መቀመጡ ደግ ነው። ግን ስርቆት በግል አቤቱታ ብቻ የሚሄድ ወንጀል ስላልሆነ «ታርቀናል» ማለት ክሱን አይዘጋውም። የእርቁ ውል ተጽፎ፣ ተፈርሞ ለዳኛው ይቅረብ፤ ማቅለያ ይሆናል።

ሽንኩርት ከፍኖተ ሰላም
ተባረኩ። ትንሹን ግን ማን ይጠብቀዋል? አባቱ ቀን እርሻ፣ ማታ ጠላ ቤት ቢሆንስ?

ጠበቃ ዘማርቆስ
ይኸው ለችሎቱ ይነገር። ልጁ ለአጎት ወይም ለሌላ የታመነ ሰው ሊሰጥ ይችላል፣ አባት ብቻ ነው ያለ የለም። ካልሠራም ፍርድ ቤቱ ትእዛዙን ይለውጣል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ ማን በየስንት ቀኑ ለፍርድ ቤት እንደሚያሳውቅ ማጻፍ ነው፤ በ15 ቀን አንዴ የትምህርት ቤቱ የስም መጥሪያ ቅጂ ይቅረብ ተብሎ ይጠየቅ። ያ ካልተጻፈ ትእዛዙ ፋይል ውስጥ ተኝቶ ይቀራል።