ባክአፑ በየሌሊቱ ይሳካል፤ ግን ሰርቨሩ ቢቃጠል በስንት ሰዓት እንነሳለን?

ሰላም_አይቲ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው አዲስ አበባ ያለ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነው፤ አይቲ ክፍሉ እኔው ብቻ ነኝ። አንድ የሃይፐር-ቪ ሆስት (ቨርቹዋል ማሽኖችን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮችን የሚያሠራ ሰርቨር) አለን፣ ዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ነው። ላዩ ላይ ሦስት ቨርቹዋል ማሽኖች አሉ፦ ዶሜይን ኮንትሮለር (የሠራተኛውን መግቢያ ስምና ፓስወርድ የሚቆጣጠረው)፣ ስቶክና ደመወዝ ያለበት ኤስኪውኤል ሰርቨር (ዳታቤዙ)፣ ፋይል ሰርቨር። ከነዚህ ሌላ ፒችትሪ (የሂሳብ ፕሮግራም) የተጫነበት አሮጌ ታወር አለ፤ እሱ ቨርቹዋል አይደለም፣ ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር2 ነው። ሁሉም በነጻው ቪም (የባክአፕ፣ ማለትም የመጠባበቂያ ቅጂ ፕሮግራም) በየሌሊቱ እዚያው ክፍል ውስጥ ወዳለ የኔትወርክ ስቶሬጅ ይገለበጣሉ። ጠቅላላ 1.2 ቴራባይት ገደማ ነው።

ሪፖርቱ ሁሌ አረንጓዴ ነው። በቀደም ኦዲተሩ መጥቶ «ይህ ክፍል ቢቃጠል በስንት ሰዓት ሥራ ትጀምራላችሁ?» ሲለኝ ግን መልስ አጣሁ። እስካሁን ሪስቶር ያደረግኩት (ከባክአፕ የመለስኩት) የጠፉ የኤክሴል ፋይሎችን ብቻ ነው። 32 ጊጋ ራም ያለው ትርፍ ዴስክቶፕ አለኝ፣ በጀት የለኝም። ከየት ልጀምር?

የድሮ_አድሚን

ጥሩ ኦዲተር ነው የገጠመሽ፣ ቡና ጋብዢው።

ዴስክቶፑ ይበቃሻል፤ 2 ቴራ ዲስክ ብቻ ጨምሪበት። የዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ወይም 2022 የ180 ቀን መሞከሪያ ጫኚና ሃይፐር-ቪን አስነሺ። ከዚያ ቨርቹዋል ስዊች (ማሽኖቹን የሚያገናኝ የሶፍትዌር ኔትወርክ) ፍጠሪ፤ ዓይነቱ «ፕራይቬት» ይሁን። ሌላውን ብትረሺ ይህቺን እንዳትረሻት። ከባክአፕ የሚነሳው ዶሜይን ኮንትሮለር ስሙም አይፒውም ከዋናው ጋር አንድ ነው። ሁለቱ አንድ ኔትወርክ ላይ ከተገናኙ ሙከራው ራሱ አደጋ ይሆንብሻል። ፕራይቬት ስዊች ማሽኖቹን እርስ በርሳቸው ብቻ ነው የሚያገናኘው፤ ከሆስቱ ጋር እንኳ አያነካካም።

ይህን ሁሉ በራሱ የሚሠራ ሹርባክአፕ የሚባል ነገር ቪም ላይ አለ፤ በነጻው እትም ግን አይገኝም። ስለዚህ በእጅሽ ትሠሪዋለሽ። መጀመሪያ ዶሜይን ኮንትሮለሩን አስነሺ፣ ቀጥሎ ኤስኪውኤሉን፣ ፋይል ሰርቨሩ ይቆይ። ዶሜይን ኮንትሮለሩ መጀመሪያ በልዩ ሞድ ተነስቶ ራሱን ሪስታርት ሊያደርግ ይችላል፤ አትደንግጪ፣ ጣልቃም አትግቢ። የዲኤስአርኤም (የዚያ ልዩ ሞድ) ፓስወርዱን ግን ከወዲሁ ፈልጊ። ብዙ ቦታ ያን ፓስወርድ የሚያውቀው ሥራ የለቀቀ ሰው ነው።

ከመጀመሪያዋ ክሊክ አንስቶ ሰዓት ያዢ። ኦዲተሩ የጠየቀሽ ቁጥር ከዚያ ነው የሚወጣው።

ዳታቤዝ_ነክ

አንድ ነገር ልጨምር። ማሽኑ ተነሳ ማለት ዳታው ደህና ነው ማለት አይደለም። «ሪስቶር ቬሪፋይኦንሊ» የሚለው ትዕዛዝ ባክአፑ ሙሉና የሚነበብ መሆኑን ያያል እንጂ የዳታውን የውስጥ መዋቅር አይመረምርም። ሪስቶር ካደረግሽ በኋላ መዋቅሩን የሚመረምረውን «ዲቢሲሲ ቼክዲቢ» አስኪጂበት። ቀጥለሽ ስቶኩን ከፍተሽ የመጨረሻውን ደረሰኝ ቀን እዪ። ባክአፑ የትናንት ሆኖ ደረሰኙ የሦስት ሳምንት ከሆነ፣ ሌላ ዲስክ ነው ሲገለበጥ የከረመው ማለት ነው።

አረንጓዴ ምልክት ላይ አትተማመኚ። ጊትላብን (የፕሮግራመሮች ኮድ ማስቀመጫ) የሚያህል ድርጅት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ ኢንጂነር የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች በስህተት ሲያጠፋ፣ የዕለት ባክአፑ ጭራሽ እንዳልነበረ ያኔ ነው የታወቀው። የፖስትግሬስ (የዳታቤዛቸው) መገልበጫ ፕሮግራም ቨርዥን 9.2፣ ዳታቤዙ 9.6 ነበር፤ ስለዚህ ሥራው ሳይሳካ ይቀር ነበር። ይህን የሚናገረው ኢሜይል ደግሞ በመልእክት ማጣሪያ ተመልሶ ማንም ሳያየው ቀረ። ያተረፋቸው አደጋው ከመድረሱ ስድስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ በአጋጣሚ የተወሰደ ስናፕሾት (የዳታው የዚያች ቅጽበት ቅጂ) ነው።

መርካቶ_ኔት

ኧረ አታካብዱት! ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ገልብጣ ቁጭ አትልም? እኔ ዓመታት እንዲሁ ነው የምሠራው፣ ምንም አልሆንኩም።

የድሮ_አድሚን

ዲስኩ ተነቅሎ ከቢሮ የሚወጣ ከሆነ እኔም እደግፈዋለሁ። ተሰክቶ የሚውል ከሆነ ግን ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ሲመጣ አብሮ ነው የሚቆለፈው። የስቶሬጁም መግቢያ የዶሜይን አድሚን አካውንት ከሆነ ያው ነው፤ ለብቻው የሆነ ስምና ፓስወርድ ስጪው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ኖትፔትያ የተባለው ቫይረስ የመርከብ ድርጅቱን ማርስክን ሲመታ በየአገሩ ያሉት ዶሜይን ኮንትሮለሮች ተጠራርገው አንድ ብቻ ተረፈ፤ የጋናው። ያተረፈው መብራት ጠፍቶ ከኔትወርክ ውጪ መሆኑ ነው። (በዚህ ዓይነት እኛ አገር ስንቱ ሰርቨር በዳነ!)

ሁለት ዲስክ እያፈራረቅሽ አንዱ ሁሌ ውጪ ይደር። ስትሰኪው ወደቡን እዪ። በዩኤስቢ 2 በሴኮንድ 30 ሜጋባይት ብታገኚ ነው፤ 1.2 ቴራው 11 ሰዓት ይፈጅብሻል። በጊጋቢት ኔትወርክ 3 ሰዓት ገደማ ነው።

ሂሳብ_ክፍል_ነኝ

እኔ የአይቲ ሰው አይደለሁም፣ ግን ሰርቨር ሲወድቅ መጀመሪያ የምጮኸው እኔ ነኝ። ሁሉም ነገር ባንዴ አይፈለግም። ደመወዝ መክፈያ ሳምንት ላይ ከሆነ ደመወዙ ይቅደም፤ በሌላው ጊዜ ፒችትሪ። ፋይል ሰርቨሩ ሁለት ቀን ቢዘገይ ማንም አይሞትም። ሥራ አስኪያጁን «ስንት ሰዓት ሥራ ቢቆም ትችላላችሁ? የስንት ሰዓት ምዝገባ እንደገና ለመጻፍ ትስማማላችሁ?» ብለሽ ጠይቂና መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ። ያንን አንቺ ልትወስኚ አይገባም።

ፒችትሪን ስትሞክሪ የሂሳብ ሠራተኛ አጠገብሽ አስቀምጪ። ካምፓኒውን ከፍቶ ቀድሞ የተዘጋ ወር ትሪያል ባላንስ (የሂሳቦቹን ቀሪ ዝርዝር) ያውጣና ፋይል ውስጥ ካለው የታተመ ወረቀት ጋር ያስተያይ። አይቲዎች «ተከፈተ፣ ይሠራል» ብላችሁ ትሄዳላችሁ፤ የባንክ ሂሳቡ ጎድሎ የምናገኘው እኛ ነን።

ሰላም_አይቲ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እሑድ ቢሮ ገብቼ ሞከርኩት። ዶሜይን ኮንትሮለሩ እንደተባለው ራሱን ሪስታርት አድርጎ ተነሳ። ኤስኪውኤሉም ተነሳ፣ ቼክዲቢም ንጹህ ነው። ፒችትሪው ግን እምቢ አለ። ከቪም ላይ ዲስኩን ወደ ቪኤችዲኤክስ (የቨርቹዋል ዲስክ ፋይል) ኤክስፖርት አድርጌ አዲስ ጄኔሬሽን 2 ማሽን ላይ ሰካሁት፤ የሚነሳበት ነገር አላገኘሁም ይላል።

የድሮ_አድሚን

ታወሩ አሮጌ ስለሆነ በባዮስ (በድሮው የማስነሻ ዘዴ) የሚነሳ ሳይሆን አይቀርም። ጄኔሬሽን 2 ደግሞ ዩኢኤፍአይ (አዲሱን ዘዴ) ብቻ ነው የሚያውቀው። ለማረጋገጥ ታወሩ ላይ «ኤምኤስኢንፎ32» ክፈቺና «ባዮስ ሞድ» የሚለውን እዪ፤ «ሌጋሲ» ካለ እሱ ነው። የተፈጠረ ማሽን ጄኔሬሽኑ አይቀየርም፤ አጥፍተሽ ጄኔሬሽን 1 ፍጠሪ። ዲስኩንም አይዲኢ በሚባለው መሰኪያ ላይ ስኪው፤ ጄኔሬሽን 1 ከስካዚ ዲስክ አይነሳም።

ቢቃጠል ደግሞ እንደዚያ ያለ ታወር ፍለጋ አትሂጂ፤ እዚያው ቨርቹዋል ሆኖ ይቀጥል። እንደውም የ2012 አር2 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 አብቅቷል፣ የማስወጫ ሰበብ ይሆንሻል።

ሰላም_አይቲ (ጠያቂ)

ሌጋሲ ነበር! በጄኔሬሽን 1 ተነሳ። ትሪያል ባላንሱም ከወረቀቱ ጋር ገጠመ። ባዶ ዴስክቶፕ ላይ ዊንዶውስ ከመጫን ጀምሮ ደመወዝና ፒችትሪ እስኪከፈቱ ወደ ሰባት ሰዓት ወሰደ። ለኦዲተሩ «አንድ የሥራ ቀን» ብዬ እጽፋለሁ። በየስንት ጊዜው ልድገመው?

ዳታቤዝ_ነክ

ኤስኪውኤሉን በየወሩ፣ ሙሉውን በሦስት ወር አንዴ። ሰኔ 30 አካባቢ ግን አትንኪው፣ የሂሳብ ሰዎች ይበሉሻል።

ከዚያ በፊት አንድ ሥራ ቀርቶሻል። የቪም ኮንፊገሬሽን (የራሱ ቅንብር) ባክአፕ ካልቀየርሽው የሚቀመጠው ራሱ ቪም ያለበት ሰርቨር ላይ ነው፤ ወደ ውጪው ዲስክ አዙሪው። እዚያው ላይ የቪምና የዊንዶውስ መጫኛ አይኤስኦዎችን አስቀምጪ፤ በእሳቱ ቀን ያን ሁሉ ጊጋባይት ከኢንተርኔት አታወርጂም። ባክአፑን ኢንክሪፕት አድርገሽ ከሆነ ፓስወርዱ ወረቀት ላይ ታትሞ ካዝና ውስጥ ይግባ። ፋይል ሰርቨሩ ላይ ያለው የፓስወርድ ፋይል ያን ቀን አይከፈትም።