ለወንድሜ ልጆች የገና ስጦታ ምን ልግዛ?

ታኅሣሥ 29 የሚከበረው የገና በዓል እየተቃረበ በመሆኑ፣ ደብረ ብርሃን ለሚኖሩት የወንድሜ ልጆች ስጦታ ለመምረጥ ምክራችሁን በትሕትና እጠይቃለሁ። ልጆቹ የ4፣ የ8 እና የ12 ዓመት ሲሆኑ፣ ታላቋ ሴት፣ ሁለቱ ታናናሾቿ ወንዶች ናቸው። ገበያው ላይ በብዛት የማያቸው በባትሪ የሚሠሩ መኪናዎች በበዓሉ ሰሞን ቤቱን በድምፅ ይሞላሉ፤ ባትሪያቸው ሲያልቅ ወይም ጎማቸው ሲወልቅ ግን ጥግ ይጣላሉ። ከዚህም በላይ በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለችው ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ በሕፃን ከተዋጠች በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ክፉኛ ልታቃጥል ስለምትችል፣ ለትንሹ እንዲህ ያለውን ዕቃ በፍጹም አልገዛም። ለእሱ የእንጨት መገጣጠሚያ አስቤያለሁ።

ለመካከለኛው የገና ዱላና ሩር ባገኝለት ደስ ይለኛል፤ የበዓሉ ጨዋታ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ከሰፈር ልጆች ጋር ሜዳ ስለሚያወጣው ጭምር ነው። ሆኖም ለልጅ ቁመት የሚመጥን ዱላ አዲስ አበባ ውስጥ የት ይገኛል?

በጣም የከበደኝ የታላቋ ነው። ማንበብ ትወዳለች፤ ነገር ግን ከሕፃናት ተረት ከፍ ያለ፣ ከአዋቂ ልብ ወለድ ደግሞ ዝቅ ያለ፣ ለዕድሜዋ የሚስማማ የአማርኛ መጽሐፍ ማግኘት አልቻልኩም። ገበጣ ብገዛላት ከወንድሞቿ ጋር ትጫወትበት ይሆን? በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ያሏችሁ ወላጆችና የምታስተምሯቸው መምህራን፣ በዓሉ ካለፈ ከወራት በኋላም ልጆቹ በፍላጎት ሲጠቀሙበት ያያችሁትን ስጦታ ብትጠቁሙኝ ከልብ አመሰግናለሁ።