የሞተሬ የፊት ሾክ ሀረጎ ቁልቁለት ላይ እስከ መጨረሻው ይሰምጣል፣ ምን ይሻለኛል?

የሐይቁ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሞተሬ 150 ሲሲ ነው፣ አራት ዓመት ነድቼዋለሁ። ደሴ ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ፣ ከኋላዬ ሰው ወይም ጆንያ አይጠፋም። ሀረጎን ስወርድ የፊት ፍሬን ከያዝኩ ፊቱ ጥልቅ ይልና ጧ! ብረት ከብረት። አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፣ "ዘይቱ ቀጥኖ ነው" ብለው ሃያ ሃምሳ የሞተር ዘይት ሞሉበት። መስመጡ ትንሽ ተሻለው። ግን አሁን በኩታበር በኩል ጠጠር ላይ ስወጣ እያንዳንዷ ድንጋይ ክርኔ ድረስ ትሰማኛለች፣ ወላሂ ማታ ማታ እጄ ይደነዝዛል። ኢሙሌተር የሚባል ቫልቭ አለ፣ ካርትሪጅም አለ ሲሉ ሰማሁ። እንዴት ነው የሚሠሩት? ብር ቢወጣባቸው ያዋጣል?

ቦሩሜዳ 07፦
ሞላው አልቋል። ቀይር፣ ተገላገል።

ጦሳ ሥር፦
አብሽር ወንድሜ፣ ያንተ ብቻ አይደለም። ሞላ ሊሆን ይችላል፣ ግን የጠየቅከው ሌላ ነው።

ሞላ ክብደት ይሸከማል። ዘይቱ ደግሞ ሞላው እንዳይዘል ይይዘዋል፣ የእንቅስቃሴውን ጉልበት ወደ ሙቀት ቀይሮ ይጨርሰዋል። እንዳንተ ባለው ቀላል ሾክ ውስጥ ከታች የቆመ ቀዳዳ ያለው ቀጭን ቱቦ አለ። ሾኩ ሲጨመቅ ዘይቱ በቀዳዳው እየተገፋ ያልፋል፣ የሚያዘገየው እሱ ነው። ጣጣው ቀዳዳ አይሰፋም፣ አይጠብም። የመርፌ ስሪንጅ ውኃ ሞልተህ ሞክረው፦ ቀስ ብለህ ስትገፋ ምንም አይልህም፣ በኃይል ስትገፋ አውራ ጣትህን ያምሃል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል።

አሁን ወደ መንገዱ አምጣው። ፍሬን ስትይዝ ሾኩ የሚወርደው ቀስ ብሎ ነው፣ ዘይቱ ዘና ብሎ ያልፋል፣ ስለዚህ ይሰምጣል። ድንጋይ ሲመታው ግን በቅጽበት ነው፣ ዘይቱ ማለፊያ ያጣና ሾኩ እንደ ደረቅ እንጨት ይሆናል። ወፍራም ዘይት ሲሞሉልህ ሁለቱንም ነው ያጠበቁት፣ መስመጡ ተሻለ፣ ክርንህ ከፈለ።

ኢሙሌተር በዚያ ቱቦ አናት ላይ፣ ከሞላው ሥር የሚቀመጥ ትንሽ ቫልቭ ነው። የድሮዎቹን የመጨመቂያ ቀዳዳዎች በመሰርሰሪያ ታሰፋና ዘይቱ በነሱ በኩል እንዳይያዝ ታደርጋለህ፣ ሥራው ወደ ቫልቩ ይዞራል። ቫልቩ በራሱ ትንሽ ሞላ የተያዘ ክዳን አለው። ሾኩ ቀስ ብሎ ሲወርድ ዘይቱ የሚያልፈው በጠባብ ሽንቁር ስለሆነ ፍሬን ላይ ይይዛል። ድንጋይ ሲመታው ግፊቱ ክዳኑን ያነሳውና ዘይቱ ይፈስሳል። ግን ልብ በል፣ የሚያስተካክለው መጨመቁን ብቻ ነው። መመለሱን የሚይዘው አሁንም የዘይቱ ውፍረት ነው። ካርትሪጅ የቱቦውን ቦታ የሚተካ ሙሉ ዕቃ ነው፣ መጨመቁንና መመለሱን ለየብቻ ይዟል፣ ስስ የብረት ቅጠሎች እየታጠፉ ነው ዘይቱን የሚያሳልፉት። ዋጋውም እንደዚያው ነው፣ ለጆንያ ሞተር እኔ አላወጣበትም።

የድሮ ጋራዥ፦
ልጄ፣ ቫልቭ ከመግዛትህ በፊት ያለህን አስተካክል። ሃያ ሃምሳውን አፍስሰው። መመሪያውን እይ፣ ብዙ ጊዜ 10 ቁጥር የሾክ ዘይት ነው የሚለው። ጠዋት በደሴ ብርድ ወፍራም ዘይት ይጋገራል፣ ኮምቦልቻ ስትደርስ ሌላ ሞተር የነዳህ ይመስልሃል።

ሞተሩን ከሥሩ ደግፈህ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሳ። የሾኩን ክዳን ስትፈታ ፊትህን ከላዩ አርቅ፣ ሞላው ተጨምቆ ነው ያለው፣ አንድ ልጅ ጥርሱ ሊወልቅ ሲል ለጥቂት ተርፏል። ዘይቱ ሲገባ ቀስ እያልክ ከፍ ዝቅ አድርገው፣ አየሩ ይውጣ። ልኩን የምትወስደው ሞላው ወጥቶ፣ ሾኩ እስከ ታች ወርዶ፣ ከአፉ እስከ ዘይቱ ድረስ በሚሊ ሜትር ነው። ግራና ቀኙ እኩል ይሁን። ከዘይቱ በላይ ያለው አየርም ሞላ ነው፣ ዘይቱን 10 ሚሊ ሜትር ከፍ ብታደርገው መጨረሻ ላይ ያ "ጧ" ይቀንስልሃል። ከዚያ አትለፍ፣ ኦይል ሲሉን፣ ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘውን ላስቲክ፣ ይገፋዋል።

ከዚያ በሚያብረቀርቀው ብረት ላይ የኬብል ማሰሪያ እሰርና ተቀምጠህ ስንት እንደወረደ ለካ። ሾክህ 120 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ከሆነ 30 እስከ 40 ይበቃዋል።

የሐይቁ ልጅ፦
ጋሼ እንዳሉት ከፈትኩት። እድሜ ይስጥዎት። ከቀኙ የወጣው ዘይት የጀበና አተላ ይመስላል፣ ከግራው ደግሞ የወጣው የዚያ ግማሽ እንኳ አይሆን! ኦይል ሲሉ ሲያፈስ ኖሯል፣ ጎማው ላይ አቧራው በዘይት ተለጥፏል። ለብቻዬ ስቀመጥበት 55 ሚሊ ሜትር ወረደ። የፕላስቲክ ቧንቧ ቆርጬ ከሞላው በላይ ላስገባ?

ጦሳ ሥር፦
55 ለብቻህ ከሆነማ ቦሩሜዳ ልክ ነበር በለኛ። ቧንቧው ፊቱን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ሞላውን አያጠነክረውም። ሰው ለምትጭንበት ጠንከር ያለ ሞላ ነው የሚያስፈልግህ።

ቦሩሜዳ 07፦
😁

የድሮ ጋራዥ፦
ከሁሉ በፊት ኦይል ሲሉን፣ የሁለቱንም። የፈሰሰው ዘይት የፍሬን ሸራህ ላይ ከደረሰ ሀረጎ ላይ ሾክ አይደለም የሚያሳስብህ።

የሐይቁ ልጅ፦
እሺ ጋሼ። ኦይል ሲል፣ ሞላ፣ 10 ቁጥር ዘይት። ቫልቩ ይቆየኝ። እስኪያልቅ በታክሲ ነው የምመላለሰው።