«ወራጅ አለ» ወሰኑ ላይ፦ የአዲስ አበባና የሸገር ትራንስፖርት በጋራ ይታቀድ?

የኮዬ ፈጬዋ፦
ጥያቄውን ያነሣሁት እኔ ስለሆንኩ እኔው ልጀምር። አዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉት፣ ሸገር ከተማ ተብለው የተጠቃለሉት የኦሮሚያ ከተሞች መስመር፣ ታሪፍና ስምሪት አብረው የሚያወጡበት አንድ የጋራ አካል ያቋቁሙ? ወይስ እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ይቀጥል? እኔ ያቋቁሙ ባይ ነኝ።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ሥራዬ ስታዲየም አካባቢ ነው። ከቤት የምወጣው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። መጀመሪያ ቱሉ ዲምቱ እሄዳለሁ። እዚያ ወርጄ ወደ ቃሊቲ የሚሄደውን እሰለፋለሁ። ከቃሊቲ ደግሞ ወይ ባቡሩን ወይ ሦስተኛ ታክሲ እይዛለሁ። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ ረዳቱ «ታፔላችን እስከዚህ ነው፣ ውረዱ» አለን። እየዘነበ ነው። አጠገቤ ሕፃን ያዘለች እናት ነበረች። ከፊታችን ያለው አስፋልት እኮ አልተቋረጠም። የተቋረጠው ፈቃዱ ነው።

በነሐሴ 2014 ሁለቱ መስተዳድሮች በወሰናቸው መስማማታቸውን ሲያስታውቁ የእኛ ሰፈር ወደ ኦሮሚያ ሄደ። ቤቶቹን የሠራው ደግሞ አዲስ አበባ ነበር። በወሰኑ ቅሬታ የለኝም፤ መለየቱም ደግ ነው። እኔ የምጠይቀው ጠዋት የምንሄድበትን መስመር ማን ያቅደው ብዬ ነው።

የሰበታው፦
እህቴ፣ ችግርሽ የእኔም ችግር ነው። ተወልጄ ያደግሁት ሰበታ ነው። ዓለም ገናን አልፌ አየር ጤና እስክደርስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅብኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ግን «የጋራ አካል» ሲባል ደንገጥ እላለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በ2006 የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን የሚባል ነገር መጣ። ያኔም የተባለው መንገዱን፣ ውሃውን፣ ቤቱን አብረን እናቅድ ነው። ገበሬው የሰማው ግን መሬቴ ሊሄድ ነው የሚለውን ነው። የማይሰማበት ምክንያት አልነበረውም፤ ከዚያ በፊት ሲሄድ አይቷልና። ተቃውሞ ተነሣ። ሰው ሞተ። ዕቅዱ ቀርቷል የተባለው በጥር 2008 ነው። ስለዚህ «የተቀናጀ» የሚለው ቃል እናንተ ጋ መንገድ ማለት ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ ለቅሶ ያለበት ቃል ነው።

ሸገር ከተማ ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲን፣ ገላንን ይዞ የተመሠረተው በ2015 ነው። ገና ልጅ ነው። መጀመሪያ እሱ በእግሩ ይቁም። የራሱን አውቶቡስ፣ የራሱን መናኸሪያ ያደራጅ። ከዚያ እኩል ለእኩል ይነጋገራሉ።

ሹፌሩ፦
14 ዓመት ሚኒባስ ነድቻለሁ። ስለ ማቆራረጥ የሚናገር ሁሉ አንድ ቀን መሪ ጨብጦ ይየው።

ጠዋት ሰው ሁሉ የሚሄደው ወደ መሃል ነው። ሞልቼ እሄዳለሁ፣ ባዶዬን እመለሳለሁ። ነዳጁ ግን ለመመለሱም ያው ነው። ታሪፍ ሲወጣ ባዶ መመለሴን የሚያሰላልኝ የለም። ስለዚህ ረጅሙን መስመር ለሁለት እቆርጠዋለሁ። ልክ ነው አላልኩም። ተሳፋሪው ሁለቴ ይከፍላል። እናቴም የምትሳፈረው እንደዚያው ነው፤ ሲያናድዳት አያለሁ።

ሌላው ታርጋው ነው። እኔ ኦሮሚያ ታርጋ ይዤ ወሰኑን አልፌ ስጭን አንዱ ተቆጣጣሪ ያስቆመኛል። አዲስ አበባ ታርጋ ያለው ጓደኛዬ ወደ እኛ ሲመጣ ሌላው ያስቆመዋል። ሁለታችንም ተቀጥተናል። ተቆጣጣሪዎቹ የተሰጣቸውን ነው የሚያስከብሩት፤ በነሱ አልፈርድም። ከኮዬ እስከ ሳሪስ ሁለቱም ወገን የሚያውቀው አንድ ታፔላ ይሰጠኝ። ባዶ የምመለሰው ይታሰብልኝ። ያኔ ካቆራረጥኩ ታፔላዬን ይንጠቁኝ።

የመንገድ መሐንዲሷ፦
ሹፌሩ ያለው የባዶ ምልልስ ነገር የዚህ ሁሉ እምብርት ነው። ሰው የሚያድርበት አንድ ቦታ፣ የሚሠራበት ሌላ ቦታ ከሆነ ታክሲ በአንድ አቅጣጫ ባዶ መሄዱ አይቀርም። ያንን በታሪፍ ወይም በድጎማ ማካካስ ይቻላል። ግን የመስመሩን ሁለት ጫፍ አንድ ላይ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

ቁጥር ላይ እንምጣ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። ያኔ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ሰው ተቆጠረባት። የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ገና አልተሠራም ነበር። ማን ከየት ተነሥቶ የት እንደሚሄድ ለማወቅ አዲስ ጥናት ግድ ነው። አዲስ አበባ ብቻዋን ብታጠና ሰውየውን የምታገኘው ወሰኑን ከገባ በኋላ ነው። ሸገር ብቻውን ቢያጠና ሰውየው ከወሰኑ ሲወጣ ይጠፋበታል።

ቀላል ባቡሩን እዩት። በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር በምሥራቅ አያት፣ በደቡብ ቃሊቲ ላይ ቆመ። ከአያት ወዲያ ለገጣፎ አለ። ከቃሊቲ ወዲያ አቃቂን አልፎ ገላን አለ። ገንዘቡ የቻለው እስከዚያ ነው የሚል ይኖራል፤ ይሁን። ቀጣዩ የት ይድረስ ሲባልስ አብረው የሚወስኑት የት ተቀምጠው ነው?

የጅቡቲው ሐዲድም አለ። ከሰበታ ተነሥቶ በለቡና በእንዶዴ በኩል አዳማ ድረስ ጥንድ ሐዲድ ነው፣ የሚሠራውም በኤሌክትሪክ ነው። ጠዋትና ማታ ሠራተኛ ያመላልስ ብንል ጣቢያዎቹ ከመኖሪያ ሰፈር የራቁ ናቸው። ሰውን ጣቢያ የሚያደርሰው አውቶቡስ የማን ይሆናል? ሰበታ ላይ የሸገር ነው። ለቡ ላይ የአዲስ አበባ ነው። ሐዲዱ የፌዴራል ነው። ሦስቱ ካልተነጋገሩ ያ ሐዲድ ለእኛ የሚያልፍ ዕቃ መመልከቻ ብቻ ነው።

አሜሪካኖች ይህን ነገር የያዙት በገንዘብ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው የመንገድ ሕጋቸው ከ50,000 በላይ ሕዝብ ላላቸው የከተማ አካባቢዎች ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። ግዛቱና የአካባቢው መስተዳድሮች አብረው ካላቀዱ የፌዴራል የመንገድ ገንዘብ አይፈቀድም አለ። ከተሞቹ አልተዋሐዱም። ግን አብረው መቀመጥ ግድ ሆነባቸው።

የሱሉልታው፦
ልጆቼ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ። መሥሪያ ቤት ሲቋቋም፣ ሲፈርስ፣ ስሙ ተለውጦ እንደገና ሲቋቋም አይቻለሁ። አዲስ መሥሪያ ቤት ማለት አዲስ ሕንፃ ኪራይ፣ አዲስ ኃላፊ፣ አዲስ መኪና ነው። ከክልል ክልል የሚሻገረውን የሚመለከት የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አለ። ሁለቱን ጠርቶ ይዘዛቸው። ምን ሌላ ያስፈልጋል?

የኮዬ ፈጬዋ፦
ጋሼ፣ አክብሬዎት ልቃወም። ሚኒስቴሩ ከሞያሌ እስከ መተማ ያለውን የሚያይ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቱሉ ዲምቱ ስንት ሰው እንደተሰለፈ እንዲያውቅ መጠበቅ ይከብዳል። ይህ ከረጅም ጉዞ ጋር የሚደመር አይደለም። በየቀኑ የሚደጋገም የሠራተኛና የተማሪ ምልልስ ነው። ቅርብ ሆኖ የሚያየው ይፈልጋል። ስለ ወጪው ግን ልክ ነዎት። ከሁለቱ ቢሮዎች የተውጣጡ ጥቂት ባለሙያዎች ለመጀመሪያው ይበቃሉ።

ከበርሊን የተመለሰው፦
11 ዓመት የኖርኩባትን ከተማ ላንሣ፤ አቀማመጧ ከአዲስ አበባ ጋር ስለሚመሳሰል ነው። በርሊን ራሷን የቻለች ክልል ናት። ዙሪያዋን በሙሉ ብራንደንበርግ የሚባል ሌላ ክልል ከብቧታል። እ.ኤ.አ. በ1996 ሁለቱ ይዋሐዱ ወይ ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። የብራንደንበርግ ሕዝብ እምቢ አለ። በርሊን ትውጠናለች ብለው የፈሩ ብዙ ነበሩ። የሰበታው ወንድሜ፣ ያንተን ስጋት በሌላ አገር ሰምቼዋለሁ።

ግን በዚያው ዓመት የትራንስፖርት ማኅበር በጋራ አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1999 ታሪፉ አንድ ሆነ። በርሊን ውስጥ የቆረጥከው ትኬት ፖትስዳም ድረስ ያደርስሃል። ዞን ስትጨምር ዋጋው ይጨምራል እንጂ ወሰን ላይ ወርደህ አዲስ አትቆርጥም። የማኅበሩ ድርሻ ደግሞ ለሦስት የተከፈለ ነው። አንዱ እጅ የበርሊን፣ አንዱ እጅ የብራንደንበርግ፣ የቀረው የብራንደንበርግ ወረዳዎችና ከተሞች ነው። ትልቋ ከተማ ብቻዋን አትወስንም። ውሕደቱ ቀረ፣ ትኬቱ ግን አንድ ሆነ። እኛም ሁለቱን ነገሮች ማነባበር የለብንም።

የለገጣፎዋ፦
ከለገዳዲ ግድብ የሚሄደውን ውሃ አዲስ አበባ በየቀኑ ትጠጣለች። ውሃው ወሰን ላይ ቆሞ ፈቃድ አይጠየቅም። የእኛ ልጆች አያት ደርሰው ባቡር ለመያዝ ግን ሁለት ታክሲ ይለውጣሉ። እኔ በዚህ አዝናለሁ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

የሰበታው፦
የበርሊኑን አላውቅም ነበር። ውሕደቱን እምቢ ብለው ትኬቱን መቀበላቸው ሐሳቤን አነቃንቆታል።

ግን ሁለት ነገር ይቀረኛል። አንደኛ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ያላት ልዩ ጥቅም ይጠበቃል፣ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ይላል። ያ ዝርዝር ሕግ መቅደም የለበትም? ሁለተኛ፣ እዚያ ወረዳዎቹ የራሳቸው ድርሻ አላቸው። እኛ ጋ ሁሉም ነገር በሁለት ኃላፊዎች ከተፈረመ ሰበታ ወይም ቡራዩ ሰልፍ ላይ የቆመው ሰው በማን በኩል ይናገራል?

የኮዬ ፈጬዋ፦
ሁለተኛው ጥያቄህ ከእኔ ሐሳብ ይበልጣል፤ ተቀብዬዋለሁ። በመጀመሪያው ግን አልስማማም። ያንን ሕግ ስንጠብቅ ከ1987 ጀምሮ ስንት ዓመት ሄደ? የተወለደ ልጅ አድጎ፣ ወልዶ፣ ልጁን አዝሎ ታክሲ እየጠበቀ ነው። ሕጉ ይውጣ፤ እኔም እደግፋለሁ። ታፔላው ግን እሱን አይጠብቅ።

እስቲ እንዲህ ብዬ ልጻፈው፤ የጎደለውን ሙሉበት። «የጋራ ኮሚቴው ሥልጣን ወሰን በሚሻገሩ የሕዝብ ማመላለሻ መስመሮች፣ ታሪፍና ስምሪት ላይ ብቻ ይሆናል። መሬትን፣ ቤትንና ወሰንን በሚመለከት ምንም ዓይነት ውሳኔ አያሳልፍም።»

የሰበታው፦
ይህ ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያው አንቀጽ ይሁን፤ መጨረሻ ላይ እንዳይወሸቅ። ሰብሳቢነቱም በየዓመቱ ይቀያየር። ከየከተማው ደግሞ አንድ የተሳፋሪና አንድ የሹፌር ተወካይ ድምፅ ይኑረው። ታሪፉም፣ ታፔላውም፣ ማስታወቂያውም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይጻፍ። እናቴ ፊደሉን አንብባ የትኛው ታክሲ እንደሆነ ሰው ሳትጠይቅ ትግባ። እነዚህ ካሉበት እኔም እፈርማለሁ።

ሹፌሩ፦
ባዶ ምልልሱን አትርሱት። ስምሪት ከሚለው ቀጥሎ ጻፉልኝ።