የኮት ዳዙር ዳርቻ የማን ነው?

የኒሷ፦ ትናንት አባ መላ እዚሁ ግሩፕ ላይ፣ ስለ ደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ ስናወራ፣ «ኮት ዳዙርን የሠራው ባለገንዘብ ነው፤ ዳርቻው ቢዘጋለት ምን አለበት?» ብሎ ጻፈ። አንብቤ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ እዚያው ዳርቻ ላይ ባለችው ኒስ ከተማ የሆቴል ክፍል አጸዳለሁ። በእረፍት ቀኔ ጠጠሩ ላይ ፎጣዬን አነጥፋለሁ። ከጎኔ ገመድ ተወጥሮ የኪራይ ወንበር ተደርድሯል። ገመዱ እየገፋ ሲመጣ እኔ የት ልሂድ?

አባ መላ፦ እህቴ፣ አትቆጪ። የእንግሊዝ ሀብታሞች ብርዱን ሸሽተው ባይመጡ ኒስን ማን ያውቃት ነበር? የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ እንኳ ኒስ ሲሚየ ሰፈር ይከርሙ ነበር።

ማዕበል፦ «የሠራው» ያልካት ቃል ላይ ቁም። ፕሮምናድ ዴዛንግሌን፣ ያንን የኒስ የባሕር ዳር መንገድ፣ ማን ቆፈረው? በፈረንጆቹ በ1820ዎቹ መጀመሪያ ብርቱካኑን ውርጭ መትቶባቸው ሥራ ያጡ ድሆች ናቸው። እንግሊዞቹ ገንዘብ አዋጡ እንጂ አካፋ አልያዙም።

አባ መላ፦ ታዲያ ደመወዙን የከፈለው ማነው?

የኒሷ፦ ከፈለ ማለት ሠራ ማለት አይደለም! የእንግዳው አልጋ የሚነጠፈው በእኔ ወገብ ነው።

ቀይ ሸማ፦ ሁለታችሁም ባቡሩን ረሳችሁ። በ1864 ኒስ ሲደርስ ነው ነገሩ የተለወጠው። በ1936 ደግሞ የፈረንሳይ ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈልበት እረፍት አገኘ። ተራው ሰውም ባሕሩን አየ።

ማዕበል፦ በ2015 የሳዑዲው ንጉሥ ሳልማን እዚሁ ኮት ዳዙር ቫሎሪስ ከተማ ሲመጡ የላ ሚራንዶል ዳርቻ ለሕዝብ ተዘጋ። ከ100,000 በላይ ሰው ተቃውሞ ፈረመ። ሀብታቸውን ማንም አልጠላም። ሰው የተቆጣው በአጥሩ ነው።

አባ መላ፦ የጸጥታ ጉዳይ ነበራ! ንጉሡ ሲሄዱ ያዘነውን ባለሱቅስ ለምን አታነሳም?

ቀይ ሸማ፦ የዳርቻው ከተማ ካንም ከ2026 ጀምሮ ከ1,000 በላይ መንገደኛ የያዘ የሽርሽር መርከብ ወደ ወደቧ እንዳይገባ ወስናለች። በርካሽ ቲኬት የሚመጣው ሰው ነው የሚቀረው። ይሄንንስ ትደግፋላችሁ?

ማዕበል፦ አዎ፣ እደግፋለሁ። የመርከቡን ጭስ የሚተነፍሰው እዚያው የሚኖረው ሰው ነው።

ቀይ ሸማ፦ እንግዲያው «ዳርቻው ለሁሉም» አትበል።

ማዕበል፦ መርከብና ዳርቻ ምን አገናኘው? አባ መላ፣ «የሠራው» ያልካትን ቃል አንሳ።

አባ መላ፦ አላነሳም። የሠራው ባለገንዘብ ነው።

የኒሷ፦ በፈረንጆቹ 2006 የወጣው የፈረንሳይ ደንብ ከተፈጥሮ ዳርቻ 80 በመቶው ከግንባታና ከተተከለ ዕቃ ነፃ ይሁን ይላል። እሁድ እሄዳለሁ። ከገመድ እስከ ገመድ ያለውን በእርምጃ ለክቼ እጽፍላችኋለሁ።