የተመራቂዎች የውይይት ቡድን ፉክክር ሆነብኝ

ደብረ ማርቆስ ላይ ሥራ የሚፈልጉ 9 ተመራቂ ተማሪዎችን በሳምንት አንዴ ለ1 ሰዓት አወያያለሁ። መጀመሪያ ጋድ-7 የሚባለውን ባለ 7 ጥያቄ የጭንቀት መለኪያ አስሞላሁ። ከ21 ነው የሚታሰበው፤ 10 እና ከዚያ በላይ ያመጡትን 2 ልጆች ለባለሙያ አስተላልፌያለሁ። የቸገሩኝ የቀሩት 7ቱ ናቸው።

በሦስተኛው ሳምንት «የት የት አመለከታችሁ?» ብዬ በየተራ አስጀመርኩ። አንዱ ባንክ ለፈተና እንደጠራው ሲናገር ክፍሉ ጭጭ አለ። ከዚያ ወዲህ ወሬው ሁሉ የማን ውጤት ስንት ነው፣ ማን ዘመድ አለው ሆነ። አይገርምም፤ ሰው ቁርጥ ያለ መለኪያ ሲያጣ ራሱን በእኩያው ይመዝናል። የመውጫ ፈተናው 50 ከመቶ የሚባል ማለፊያ አለው፤ ሥራ ፍለጋ ግን የለውም።

የቴሌግራም የሥራ ማስታወቂያ ማየትን ከማታ ወደ ምሳ ሰዓት አዙረን በ20 ደቂቃ ወሰንነው፤ እንቅልፋቸው ትንሽ ተሻለ። ጥያቄውንም «በዚህ ሳምንት ስንት ማመልከቻ ላካችሁ?» ወደሚል ቀየርኩት። ይኼኛው ባሰ፦ አንዷ 14 ስትል አጠገቧ ያለው 3 ብሎ የጻፈበትን ወረቀት በመዳፉ ሸፈነ።

የተጠራውን ልጅ ከቡድኑ ሳላስወጣ፣ ቁጥር የማያፎካክርበት ውይይት በምን ጥያቄ ልክፈት?