ቼክ የሚለው ቃል መነሻው ምንድነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ናችሁ፣ ይሄ የእንግሊዝኛው ቼክ የሚለው ቃል ግራ እያጋባኝ ነው። ኢሜይልህን ቼክ አርግ ይባላል፣ ባንክ የሚመነዘረውም ቼክ፣ ቼዝ ላይ ንጉሥ ሲጠቃም ቼክ፣ ዳማ ዳማ ያለበት ሸሚዝም ቼክ። ባንዱና በሌላው መሀል ምን ዝምድና አለ? የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ

መልስ 1፦
ሁሉም አንድ ቃል ነው፣ ስሩ ፋርስኛ ነው። ሻህ ማለት ንጉሥ ነው፣ ቼዝ ሲጫወቱ የሰውየውን ንጉሥ ሲያጠቁ "ሻህ" ይላሉ፣ እሱ ባረብኛ በኩል አውሮፓ ገባ፣ የድሮ ፈረንሳይኛ ኤሼክ አለው እንግሊዞቹ ደግሞ ከፊቱ ቆርጠው ቼክ አሉት። ቼዝ የሚለው ስም ራሱ ከዚሁ ቃል ብዙ ቁጥር የመጣ ነው። አሁን ጨዋታውን አስበው፣ ቼክ ስትባል ያሰብከውን ሁሉ ትተህ መጀመሪያ ንጉሥህን ነው የምታድነው፣ ከዛ መግታት ማስቆም የሚል ትርጉም ወጣ፣ ከመግታት መቆጣጠር፣ ከመቆጣጠር ማጣራት። ሸሚዙ ግን በሰሌዳው በኩል ነው የመጣው

መልስ 2፦
የገንዘቡን ነገር እኔ ልጨምር፣ በጣም የምወደው ክፍል ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ንጉሥ ሹማምንት የሰበሰቡትን ገቢ ሲያወራርዱ ሂሳቡ የሚሰራው 10 ጫማ በ5 ጫማ በሆነ ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ ላዩ ላይ እንደ ቼዝ ሰሌዳ የተሰመረ ጨርቅ ይነጠፍና መቁጠሪያ ጠጠሮች እየደረደሩ ይደምራሉ፣ ፔኒው ለብቻ ሽልንጉ ለብቻ ፓውንዱ ለብቻ። መስሪያ ቤቱም በጨርቁ ኤክስቼከር ተባለ፣ የእንግሊዝ ገንዘብ ሚኒስትር ዛሬም ቻንስለር ኦፍ ዘ ኤክስቼከር ነው የሚባለው። የባንኩ ቼክ ግን ከማጣራት ነው የመጣው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቼክ ይባል የነበረው ለማመሳከሪያ የሚቀረው ጉርድ ነው፣ ፎርጅድ እንዳይሰራ። እንግሊዞቹ የባንኩን ቼክ በኪው (cheque) የሚፅፉት በኤክስቼከር ተፅዕኖ ነው፣ አሜሪካኖቹ ግን ሁሉንም ባንድ አይነት check ብለው ይፅፉታል

መልስ 3፦
የኛ ሰንጠረዥም እኮ የዚሁ ጨዋታ ስም ነው! ከሳንስክሪት ቻቱራንጋ ተነስቶ በፋርስና ባረብኛ ሻትራንጅ ሆኖ መጣ፣ አሁን ግን ሰው ሰንጠረዥ ሲል ቁጥር የሚሞላበትን ነው የሚያስበው፣ ልክ እንደ እንግሊዝኛው ከጨዋታው ወደ ሰሌዳው መስመር ዞረ ማለት ነው

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ! ቼክ ሪፐብሊክስ?

መልስ 1፦
እሱ አይገናኝም፣ ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበት ስም ነው፣ በኛ ፊደል ስለተመሳሰለ ብቻ ነው